አባቴ በበጎች ቤት ያዜሙበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ ታክሲ ተሳፍሬ ስሄድ፣ አንድ በርኖስ የለበሱ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ መትቷቸው ስለነበር የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ታክሲውን ሞላው። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን ሸፍና መስኮት ከፈተች። እኔ ግን ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ። ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያገኝ ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔን ግን ከደስታው በፊት የሚቀድመኝ ፍርሃቱ ነው። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ዐይኔ ሳላዝዘው አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ይፈልጋል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ያኔ ገና የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ከተቀመጠችው ቤተ ክርስቲያን በታች ነው። አባቴ የዚያች ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ ማሕሌቱን ይመራሉ፣ ዜማ ያስተምራሉ። ድምፃቸውን እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ከታች ሲነሱ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብሎ ያላዳመጠ አይሰማቸውም። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይወጡና ላይ ሲደርሱ፣ ጥግ የተቀመጠው ከበሮ ማንም ሳይነካው ቆዳው ይርገበገባል። ይህን አወጣጥ የወረሱት ከመምህራቸው ነው። መምህራቸው ሞተዋል፤ አብረዋቸው የተማሩትም አልቀዋል። ተማሪዎቻቸው ቃሉን ይዘውታል፤ አወጣጡን ግን ገና አልያዙትም ነበር።

አባቴ አንገታቸው ላይ እንቅርት ነበረባቸው። በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ግማሹ ጎረቤት ያለው ነገር ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የአባቴ ግን ወደ ውስጥ ማደግ ጀመረ። በጀርባቸው ሲተኙ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ተነስተው ይቀመጣሉ። እየጎተትኩ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ እንቅርቱ ካልወጣ አየር መተላለፊያውን እንደሚዘጋው ነገረን። ከዚያ ብዕሩን እያገላበጠ፣ “ድምፅን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ እዚያው አጠገቡ ያልፋል። እንጠነቀቃለን፤ ግን ቃል ልገባልዎት አልችልም” አለ።

አባቴ፣ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብለው ተነሱ። የቀጠሮውን ቀን የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገባ። አባቴ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዙረው፣ “ከእናትሽ በቀር ለማንም እንዳትነግሪ” አሉኝ። “ደብሩ ከሰማ ጠበል ይቅደም ይላል፣ ሱባኤ ይቅደም ይላል፣ ቀኑ ያልፋል። ክፉ አስበው አይደለም፤ ስለሚወዱኝ ነው የሚይዙኝ።”

እኔ ከተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። ሰው ሲያስነጥስ ለቅሶ የሚታየኝ ዓይነት ሰው ነኝ። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ድረስ ስለ ቢላው ሳይሆን ስለ ድምፁ ብቻ ሳስብ ነበርና ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፤ “አባባ፣ ከዚያ በፊት ድምፅዎን እንቅዳው።”

ፊታቸውን ከመስታወቱ መለሱ። “በስልክ?”

“በስልክ አይደለም። በደንብ ነው፣ በማይክ።”

“ይቻላል?”

“ይቻላል” አልኩ። ከቪዲዮ ካየሁት በቀር ስለ ነገሩ የማውቀው አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ መሐል ሜዳ ሰርግ እየቀረጸ ይኖራል። ማይክ፣ ባለማዞሪያ ትንሽ ሳጥን፣ ማዳመጫና ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ አዋሰኝ። ስለ ምንነቱ ሳይጠይቀኝ አንድ ምክር ብቻ ሰጠኝ፤ “ቀይዋ እንዳትበራ፤ ሌላው በኋላ ይስተካከላል።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ማዞሪያ ወደ ቀኝ ስታዞሩት የማይኩ ጆሮ ይሰፋል፤ ወደ ግራ ስታዞሩት ይጠባል። ድምፅ ሲገባ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ጠንከር ሲል ቢጫ፣ ልኩን ሲያልፍ ቀይ። ቀይ በበራበት ቦታ የገባ ድምፅ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ድምፅ ደግሞ መርፌና ክር የለውም። ታዲያ ዝቅ አድርጎ መቅዳት ነዋ ትሉ ይሆናል። ዝቅ ካለ ለስለስ ያለው ድምፅ መሣሪያው ራሱ ከሚያሰማው የሽሽ ድምፅ፣ ከሽሽታው ጋር ይቀበራል። በኋላ ከፍ ላድርገው ስትሉ ሽሽታውም አብሮ ይነሳል፤ እንክርዳድ እንደገባበት ገብስ መልቀሙ አበሳ ነው። አሁን ሥራዬ ይኸው ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ማስታወቂያ፣ መዝሙርና የሰርግ ጥሪ እቀዳለሁ።

ቤት እንደደረስኩ ማዳመጫውን አድርጌ ክፍሎቹን ዞርኩ። ያደግኩበት ቤት የማላውቀው ቤት ሆነብኝ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲነካው ጠቅ ጠቅ ይላል። የግድግዳው ሰዓት እንደ ፈረስ ይረግጣል። ከገደሉ የሚወጣው ንፋስ በበሩ ሥር ያፏጫል። ከሁሉም በታች ደግሞ ከመንደሩ ማዶ የወፍጮው ሞተር እምምም ይላል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬ ያን ቀን ገና ሰማሁት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የአባቴን ለስላሳ አነሳስ መቅዳት በገበያ መሐል ሹክሹክታ መልቀም ነው። ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ።

መፍትሔው ከጓሮ ተገኘ። አያቴ ያሠሩት አሮጌ ሳር ቤት አለን፤ የጓሳ ሳር ክዳኑ ክንድ የሚያህል ይወፍራል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። በጎቹ የሚያድሩበት ነው። ገብቼ በሩን ስዘጋው ዓለም ጸጥ አለ። ንፋሱ እንኳ የት እንደሄደ አላወቅኩም።

እናቴን በጎቹን እንድናወጣ ስነግራት መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀረች። “የእግዚአብሔር ምስጋና በበግ ቤት? አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱ ምን አድርጎሻል?”

አባቴ ደጃፍ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። “ጌታስ የተወለደው እልፍኝ ውስጥ ነው እንዴ?” አሏት። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ጠረግን፣ አመድ ነሰነስን፣ አጎዛ አነጠፍን። ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ እንዳይደርብብን ለእናቴ በሰርጓ ጊዜ የተሸመኑላትን ባናዎች፣ እነዚያን ወፋፍራም የሱፍ ብርድ ልብሶች፣ ዙሪያውን ሰቀልን። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ይታያል። ባናዎቹ እርጥበቱን ጠጥተው የበግ፣ የጭስና የጭቃ ሽታ ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። ዶሮዎቹን ከቅርጫት ሥር ከደንናቸው፣ ውሻውን አርቀን አሰርነው። የአባቴ ተማሪዎች እህል ለመሰብሰብ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ወፍጮው ብቻ ቀረ። ባለወፍጮው ዘንድ ሄጄ፣ አባቴ ዜማ ሊቀዱ ስለሆነ ከማለዳ እስከ ረፋድ ሞተሩን እንዲያጠፋልኝ ለመንኩት። “ለመሪጌታ ከሆነ ምን ገዶኝ!” አለ። ለምን እንደቸኮሉ ግን ጠየቀኝ፤ ያልሰማሁ መስዬ በሩን ለቀቅኩ።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው የመጀመሪያውን ሙከራ አደረግን። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ አጎዛው ላይ ተቀመጡ። ማይኩን ከአፋቸው ስንዝር ተኩል አራቅኩት። “አባባ፣ ልኩን እንድይዝ መጀመሪያ ከፍ የሚለውን ቦታ ይበሉልኝ። ለሙከራ ነው።”

ቀና ብለው አዩኝ። “ለምን ነው ያልሽው?”

“ለሙከራ። ምን ያህል እንደሚጮህ ልየው።”

“የእግዚአብሔር ምስጋና ይቀመሳል እንዴ፣ ወጥ ነው? ሲጀመር ይጀመራል፣ ሲፈጸም ይፈጸማል። መሐሉን ቆርጦ ለሙከራ የሚል የት አይተሻል?”

“አባባ፣ ካልሆነ እኮ…”

“ሌላ ነገር ልበልልሽ” አሉና ስለ በጎቹ ማውራት ጀመሩ፤ የትኛዋ እንደከሳች፣ የትኛዋ ልትወልድ እንደደረሰች። መብራቱ በአረንጓዴው ላይ ይጨፍራል። በወሬያቸው ልክ ማዞሪያውን ያዝኩ። ምን ላድርግ፤ ከቃላቸው የሚያወጣቸው የለም።

ጀመሩ። አነሳሱ እንዴት ያምር ነበር! በማዳመጫው ውስጥ ከንፈራቸው ሲላቀቅ እንኳ ይሰማኛል። ደስ ብሎኝ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስከፍት ቢጫው በርቷል። ሁለተኛውን ደረጃ ሲወጡ ቀይዋ ብልጭ አለች። ሦስተኛው ላይ ከነጭራሹ አልጠፋ አለች፤ በጆሮዬ የሚገባው የአባቴ ድምፅ ሳይሆን ጨርቅ ሲተረተር ነው። ላስቆማቸው ብፈልግም ምስጋና ከመሐል አይቆረጥም ብለውኛል። እጄን አፌ ላይ ጭኜ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

ሲጨርሱ አንገታቸውን ይዘው ሳሉ። እንቅርቱ ያለ ዕረፍት አያስደግማቸውም። ማር በሞቀ ውኃ ጠጥተው ጥቂት እንደተቀመጡ፣ “እንደገና” አሉ፤ ፊቴን አይተው ገብቷቸዋል። ማዞሪያውን በጣም ወደ ግራ መለስኩት። አሁን ደግሞ ጩኸቱ በደንብ ገባ፤ አነሳሱ ግን ወንዝ ማዶ የሚያወራ ሰው ሆነ። ከፍ አድርጌ ሳዳምጠው ሽሽታው ይውጠዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው። አባቴ ሦስተኛ ልበል ብለው አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

“ነገ” አሉኝ። ከነገ በኋላ ግን ሌላ ነገ አልነበረንም፤ በማግስቱ ጉዞ ነው።

በነጋታው ጠዋት ዐይኔ አብጦ እናቴ ጋ ሄድኩ። “ከፍተኛውን ድምፃቸውን አስቀድሜ ካልሰማሁ ልኩን አላገኝም። እሳቸው ደግሞ ለሙከራ አልልም አሉ።” እናቴ ጨርቅ እያጠፈች አሰበች። ከዚያ አባቴ ወዳሉበት ገባችና፣ “አንቱ፣ ቀበሮ በግ ሲወስድ እንደሚጮኹት ይጩኹላት። እሱን ለሙከራ መጮኽ ኃጢአት የለው” አለቻቸው።

አባቴ ሳቁ። ከደብረ ብርሃን ከተመለስን የመጀመሪያው ሳቃቸው ነው። “ይኼስ ይሁን።”

በጎቹን ወደ ሜዳው አውጥተን በሩን በባና ጋረድን። ወፍጮው ጸጥ ብሏል፣ ውሻው ታስሯል፣ ንፋሱም የለም፤ እንደ ተመኘሁት ሁሉ ሆኖልኛል። አባቴ ጉልበታቸውን ይዘው ጮኹ፤ “ኧረ ቀበሮ! ኧረ ያዘው! ኧረ ድረሱ!”

ቀይዋ ቦግ አለች። ማዞሪያውን መለስ አድርጌ፣ “እንደገና” አልኩ። ጮኹ። አሁንም ቀይ። “አንዴ ብቻ።” አባቴ እንደ ወጣትነታቸው ሜዳ ላይ የቆሙ ይመስል አንገታቸውን ወደ ኋላ ወርውረው ጮኹ፤ መብራቷ ቢጫው ላይ ወጥታ ቀይዋን ሳትነካ ተመለሰች። አገኘሁት! ማዞሪያውን በሙጫ ላጣብቀው ምንም አልቀረኝ። የደስታዬ ዕድሜ ግን አጭር ነው፤ መሬቱ መደለቅ ጀመረ።

ያን ያህል ጸጥታ ያለመንኩት ሰው አልነበረም፤ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ የመሪጌታ ጩኸት ከአፋፉ እስከ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ወፍጮ ቤት እህል ይዘው የሚጠብቁት ሳይቀሩ እየሮጡ መጡ። ባናው ተገልቦ የመጀመሪያዎቹ ገቡ፤ ባለወፍጮው ዱቄት እንደለበሰ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳሸረጡ፣ ወንዶቹ ዱላ እንደያዙ። ፊት ፊት የመጡት የጓሳው ሳር መቼና በማን እንደሚታጨድ የሚዳኙት ያገር ሽማግሌ ናቸው፤ በርኖሳቸውን በአንድ ትከሻቸው ጥለው ያለከልካሉ።

“የታል? በየት በኩል አመለጠ?”

“ቀበሮ የለም” አሉ አባቴ፣ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ።

“ታዲያ ማነው የጮኸው?”

“እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው የተሰቀለውን ባና፣ በበግ ቤት መሐል የተቀመጡትን መሪጌታ፣ ሽቦውንና ሳጥኑን ተራ በተራ አዩ። “ምን ሆኑ፣ መሪጌታ?”

“ልጅቱ ይጩኹልኝ ብላኝ።”

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ያን ጊዜ ነው። ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር፤ ግን እናቴ ከሐኪም ቤት ከተመለስን ጀምሮ ያመቀችውን እንባ ከዚያ በላይ መያዝ አቃታት። አጎዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ “ነገ አንገታቸውን ሊቀደዱ ነው” አለች። “ድምፃቸው ላይመለስ ይችላል አሉን።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

“እውነት ነው?” አሉ ሽማግሌው።

“እውነት ነው።”

“ለእኛ ሳይነግሩን?”

“ጠበል ይቅደም ትሉኛላችሁ ብዬ ነው። ጠበሉንስ እየጠጣሁ ነው። ግን ስተኛ ትንፋሼ እያጠረ ነው።”

አንዲት ሴት፣ “ኧረ ተዉ መሪጌታ፣ ሱባኤ እንኳ ሳይያዝ!” ብላ ጀመረች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። የፈራሁት ደረሰ አልኩ፤ ሊያስቀሯቸው ነው፣ እንቅርቱ ሊያፍናቸው ነው፣ ምክንያቱም ሦስቴ አስጮኽኳቸው።

“ዝም በሉ!” አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም። “ልጆቼ ሲጠመቁ የሰማሁት ይኼን ድምፅ ነው። እናቴን የሸኘሁትም በዚሁ ድምፅ ነው። ሊሄድ ከሆነ እኔም ልስማውና ይሂድ። ነገ ራሴ አብሬዎት እወርዳለሁ።” ዱላቸውን ከውጭ አስቀምጠው ገብተው ተቀመጡ።

የመጣው ሁሉ ተከተላቸው። ባለወፍጮው ስለ ሞተሩ ሲጠየቅ፣ “ገብስ የትም አይሄድ” አለ። እኔ ግን አዲስ ጭንቅ ያዘኝ። ሽማግሌው ዓመቱን ሙሉ የሚያስላቸው ሰው ናቸው! አንዷ ሴት ሕፃን አዝላለች፣ ባለወፍጮው በአፉ ነው የሚተነፍሰው፣ የላፕቶፑ ባትሪም እየወረደ ነው። ውጡልኝ ማለትም አልቻልኩም፤ ለቅሶ ላይ እንዳለ ሰው ነው የተቀመጡት። “እባካችሁ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ፣ ማንም እንዳያስል” አልኩ። ሽማግሌው፣ “ልጄ፣ አንተነፍስም” አሉኝ።

ማዳመጫውን ሳደርግ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ያ ሁሉ ጋቢና በርኖስ፣ ያ ሁሉ ገላ፣ የቀረችውን ማስተጋባት ጠጥቷታል። የአባቴ ድምፅ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ፣ በጆሮዬ ውስጥ ተነሳ።

መቼም አልረሳውም። በታችኛው ደረጃ ላይ እንደ ልማዳቸው ለራሳቸው አወሩ። አረንጓዴው ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ይላል። አንዱን ደረጃ ወጡ። ከባናዎቹ መካከል የገባች የፀሐይ ጨረር ጥምጥማቸው ላይ አርፋለች፣ አቧራው ውስጧ ይዋኛል። ሁለተኛውን ወጡ፤ ቢጫው በራ። ጣቴን ማዞሪያው ላይ ባደርግም አልነካውም፤ ከነካሁት ድምፁ መሐል ላይ ይሰበራል። በዐይኔ ጥግ ሽማግሌውን አየኋቸው። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ደረታቸው ይዘላል፣ የበርኖሳቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ጎስረውታል። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ሳል ይሁን ልቅሶ አላወቅኩም። አባቴ ላይኛው ደረጃ ደረሱ። ቢጫው እስከ ጫፉ ወጣ። ቀይዋ አልበራችም። እናቴ ዐይኗን እንደጨፈነች ነበረች። እዚያው ላይ ቆዩ፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል ቆይተው ሰምቻቸው አላውቅም። የመጨረሻቸው መሆኑን ያወቁ ይመስል ድምፁን ቀስ ብለው፣ ሰው የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ፣ አወረዱት።

ሲጨርሱ እጄን አነሳሁ፤ ማንም እንዳይነሳ። ባዶውን ቤት ጥቂት መቅዳት አለብኝ። በኋላ የማያስፈልገውን ድምፅ ለመለየትና ለማንሳት፣ ያ ድምፅ ብቻውን ምን እንደሚመስል ለመሣሪያው ማሰማት ያስፈልጋል። ሁሉም እንደ ሥዕል ደርቆ ተቀመጠ። በማዳመጫው ግን ባዶ አልነበረም፤ የአባቴ ትንፋሽ ነበር። በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ንፋስ እየተፋጨ ይገባል፣ እየተፋጨ ይወጣል። ሐኪሙ የተናገረውን ከልቤ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

“በቃ” አልኩ። ሽማግሌው በርኖሳቸውን ከአፋቸው አውጥተው ወደ ውጭ ሮጡ፤ ሳላቸው ገደሉ ማዶ ድረስ ተሰማ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ፣ በአንድ ጊዜም አለቀሰ።

በማግስቱ ቃላቸውን ጠብቀው አብረውን ወረዱ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። አባቴ ከዓመታት በኋላ በጀርባቸው ተኝተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ግን ከአፋቸው የወጣው ሹክሹክታ ነበር። “ጊዜ እንስጠው” አለ ሐኪሙ፤ “አንዳንዴ ይመለሳል።”

ጊዜ ሰጠነው። እናቴ በየማለዳው፣ “እንዴት አደሩ?” ትላቸውና ራሷን ዘንበል አድርጋ መልሱን ታዳምጣለች። ደህና ማደራቸውን አይደለም የምትሰማው። “እግዚአብሔር ይመስገን” የሚለው ሹክሹክታ ሲመጣ እሷም “ይመስገን” ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ማሕሌቱን ሌላ ሰው መምራት ጀመረ። አባቴ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጣሉ፤ ሲሳሳቱ በጣታቸው መሬቱን ይመታሉ፣ የተሳሳቱት የቱ ላይ እንደሆነ ግን የሚያሳዩበት ድምፅ የላቸውም።

እኔ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ትርፍ ጊዜዬን ሁሉ በዚያ ቅጂ ላይ አጠፋሁ። ሽሽታውን ጥቂት በጥቂት አነሳሁ፤ ብዙ ሲነሳ ድምፁ ጋን ውስጥ የገባ ሰው ይመስላልና ፈራ ተባ እያልኩ ነው። “በቃ” ካልኩ በኋላ የገባውን የሕፃኑን ለቅሶ ከጫፉ ቆረጥኩ። ያን የሚፋጭ ትንፋሽ ከየሐረጉ መካከል እየፈለግኩ አነሳሁት። መጨረሻ ላይ የቀረው ምንም ሕመም የሌለበት፣ የጥንት የአባቴ ድምፅ ነበር። ብቻዬን ሳዳምጠው ኩራት ተሰማኝ፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ለፋሲካ ቤት ስገባ ደህና ድምፅ ማጉያ ተውሼ መጣሁ። አባቴ በሹክሹክታ፣ “አሰሚኝ” አሉ። ትልቁ ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እናቴ ከውጭ ገብስ ታሰጣለች። ያሳዝናቸው ይሆን፣ ያስቆጣቸው ይሆን እያልኩ ከፈትኩት።

አነሳሱ ቤቱን ሞላው። አባቴ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ደረጃውን ሲወጣ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ፤ እዚያ ላይ ስተው ነበር ማለት ነው። ፊታቸው ላይ ሐዘን አላየሁም፤ መምህር ተማሪውን ሲሰማ የሚኖረው ዓይነት ጥሞና ነው። ተንፈስ አልኩ። ድምፁ ላይኛው ደረጃ ላይ ደረሰ።

ያኔ ከውጭ እልልታ ተሰማ።

እናቴ ነበረች። የሰፌዱን መውደቅ ሰማሁ፣ ከዚያ ሩጫዋን። እልልታው ወደ በሩ እየቀረበ ሲመጣ ገባኝ፤ ድምፃቸው የተመለሰ መስሏታል። ለማጥፋት እጄን ስሰድ አባቴ ዐይናቸውን ሳይከፍቱ ክንዴን ያዙኝ።

በሩ ላይ ብቅ አለች። እጇ ውስጥ ጭብጥ ገብስ ነበር። እንዲያ ያለ ፊት ከዚያ በፊት አይቼባት አላውቅም፤ ልጅ ሆና ነበር። መጀመሪያ ያየችው የአባቴን አፍ ነው። ተዘግቷል። ድምፁ ግን ገና ላይ ነው፣ ገና ይዘልቃል። ከዚያ መደቡ ላይ ያለውን ማጉያ አየች። እልልታው ከንፈሯ ላይ ቀረ።

“ላጥፋው፣ አባባ?” አልኩ፤ እያለቀስኩ ነበር።

“ተዪው” አሉ በዚያ ሹክሹክታ። “ትስማ።”

እናቴ እግራቸው ሥር ተቀመጠች፤ ዐይኗን ከአፋቸው ላይ ሳታነሳ እስከ መጨረሻው ሰማች።